ድብ ሆነው የሚሄዱ መተተኞች፦ የኦጂብዌና የክሪ እምነት

ኦጂብዌና ክሪ ቋንቋቸው የሚዛመድ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ኦጂብዌዎች በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ፣ በሚሺጋን፣ በዊስኮንሲን፣ በሚኔሶታ፣ በኦንታሪዮና በማኒቶባ ይኖራሉ። ክሪዎች ከኬቤክ እስከ አልበርታ ድረስ ተሰራጭተዋል። ሌሊት ድብ እየሆነ ሰው ስለሚጎዳ መተተኛ ብዙ ይወራል፤ በእንግሊዝኛ «ቤርዎከር» ይሉታል። እኛ አገር ቅርቡ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚባለው የቡዳ ወሬ ነው። ቡዳነት ግን በዘር ይወረሳል ሲባል፣ የድቡ ኃይል በሕልም ከሚገለጥ መንፈስና ከመድኃኒት ዕውቀት ይገኛል ይባላል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከድሮዎቹ ጽሑፎች እኔ የማስቀድመው የፒተር ጆንስን ነው። ሰውየው የዚያው ሕዝብ ልጅ ነውና። በ1802 ከሚሲሳጋ ኦጂብዌ እናትና ከዌልስ ዝርያ ካለው መሬት ቀያሽ አባት ተወለደ። አድጎ የሜቶዲስት ሰባኪ ሆነ። ስለ ወገኖቹ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው እሱ ካረፈ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1861 ነው። እንደሚለው፣ መተተኞቹ የአውሬ ቆዳ ለብሰው፣ እንደ አውሬው እየጮኹ ድብ፣ ተኩላ፣ ቀበሮ፣ ጉጉት ወይም እባብ ይሆናሉ ተብሎ ይታመን ነበር። በዓይናችን አይተናል ያሉትም በተለይ ድብና ቀበሮ የሆኑትን ነው። ድቧ ስትባረር አንድ ዛፍ ወይም ጉብታ ትዞርና ለአፍታ ትሰወራለች። አሳዳጆቹ ዞረው ሲደርሱ ድብ የሚባል ነገር የለም። አንዲት አሮጊት ብቻ ቀስ እያለች ትሄዳለች፣ ወይም ምንም እንደማታውቅ ሆና ሥራ ሥር ትቆፍራለች። ቀበሮ የሆነችውን ደግሞ በጮኸች ቁጥር ከአፏ የሚወጣው እሳት ያሳብቅባታል። ጆንስ ሰባኪ ነውና ነገሩን አያምንበትም። ትረካውን ግን ሳይቆራርጥ አስቀምጦልናል፤ እዚህ ላይ ሊመሰገን ይገባል።

ሌላው ሰፊ ምንጭ አሜሪካዊው የፎክሎር ተመራማሪ ሪቻርድ ዶርሰን ነው። በ1946 በሚሺጋን የላይኛው ልሳነ ምድር እየዞረ ትረካ ሰበሰበ፤ በ1952 አሳተመው። በነዚህ ትረካዎች ድቡ ከብርሃን ጋር ነው የሚመጣው። በጨለማ የሚንቀሳቀስ እሳት ይታያል፤ ወደ ታማሚው ቤትም ያመራል። ያየው ሰው ደንዝዞ ይቀራል ወይም ይወድቃል። ታማሚው ከሞተ በኋላ መተተኛው ወደ መቃብሩ ተመልሶ ከአስከሬኑ ቆርጦ ይወስዳል የሚሉም አሉ።

ገላው ራሱ ይለወጣል ወይስ ነፍስ ብቻ ናት የምትሄደው? በ1930ዎቹ በማኒቶባ በቤረንስ ወንዝ ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ኧርቪንግ ሃሎዌል በኦጂብዌ ዓይን የሰው ማንነት ነፍሱ ናት፣ መልክ ግን ሊለዋወጥ ይችላል ይላል። በዚህ አስተሳሰብ ሰውየው ቤቱ ተኝቶ ሳለ ነፍሱ በድብ መልክ ልትሄድ ትችላለች። የጆንስ መተተኞች ደግሞ ቆዳ ይለብሳሉ። ሁለቱም አነጋገር ጎን ለጎን የኖረ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጥራት አለበት። ድብ ራሱ ክፉ አይደለም። ሚዴዊዊን በሚባለው የፈዋሾች ማኅበር ውስጥ ድብ ትልቅ ጠባቂ መንፈስ ነው፤ በበርች ቅርፊት ላይ በተሳሉት የማኅበሩ ጥቅሎችም ሥዕሉ ይገኛል። የድብ ጎሳ ሰዎች መንደር ጠባቂዎችና የመድኃኒት አዋቂዎች ናቸው። በ1992 በዊኒፔግ ከተማ የተመሠረተው የበጎ ፈቃደኞች የሰፈር ጥበቃም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ጎሳ ነው። በእርግጥ ማዳን የሚችል መግደልም ይችላል የሚል ፍርሃት በሕዝቡ ውስጥ ነበር፤ የማኅበሩ ሰዎችም ሲታሙ ኖረዋል። ማኅበሩን በጅምላ የመተተኛ ጎሬ ማድረግ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1883 ባወጣው ደንብ የባህል ሐኪሞችን ሥራ ጥፋት ብሎ ፈረጀው። አዋቂዎቹም ሥርዓታቸውን ተደብቀው ያካሂዱ ጀመር። የአገሬውን ሃይማኖት ነፃነት የሚያውቀው ሕግ የወጣው በ1978 ነው።

በክሪ በኩል ጎልቶ የተመዘገበው ለድብ የሚሰጠው ክብር ነው። አዳኞች ድብን በቀጥታ ከመጥራት «አያት» ማለትን ይመርጣሉ። ከገደሉት በኋላም የራስ ቅሉን ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ፤ ውሻ እንዳይነካው።