ሴቶች፣ ውሃና ሥልጣን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳሳወቁት፣ በግቢያቸው ውሃ ከሌላቸው አሥር ቤተሰቦች በሰባቱ ውሃ የሚቀዱት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ስለ ውሃ የሚወስነው ግን ማን ነው? ከቅኝ ግዛት አስተሳሰብ መላቀቅን የሚሻው ፌሚኒዝም (የሴቶች እኩልነት ንቅናቄ) የሚጠይቀው ይህንን ነው። ጥያቄው ዘወትር በተሳሳቱ ግምቶች ይሸፈናል።

«የኮሚቴው ግማሽ ሴት ከሆነ ተሳትፎው ተሟልቷል»

በመጀመሪያ ኮሚቴው በምን ላይ መወሰን ይችላል? የመንደር ኮሚቴ ቧንቧ ያስጠግናል፣ ክፍያ ይሰበስባል። ወንዙ ለግድብ ወይስ ለፋብሪካ ይዋል የሚለው ጉዳይ ግን ሌላ ቦታ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 በደብሊን የተካሄደው ዓለም አቀፍ የውሃ ጉባኤ በሦስተኛ መርሑ ሴቶች ውሃን በማቅረብ፣ በማስተዳደርና በመጠበቅ ማዕከላዊ ሚና እንዳላቸው ተቀበለ። አራተኛው መርሕ ደግሞ ውሃ ኢኮኖሚያዊ ሸቀጥ ተደርጎ እንዲታወቅ ጠየቀ። በእኔ እምነት አራተኛው መርሕ ወደ ታሪፍና ወደ ውል በፍጥነት ሲገባ፣ ሦስተኛው በስብሰባ መገኛ ፊርማ ላይ ቀረ።

«ሴቶችን ያገለለው ባህል ነው፤ ዘመናዊ ሕግ ነፃ ያወጣቸዋል»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ስህተት ይህ ነው። ቅኝ ገዥዎች የጋራ መሬትን በግለሰብ ስም ሲያስመዘግቡ፣ ባለ ይዞታ ያደረጉት «የቤተሰብ ኃላፊ» ያሉትን ወንድ ነበር። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የስዊነርተን ዕቅድ፣ ማለትም የቅኝ አስተዳደሩ የመሬትና የእርሻ ዕቅድ፣ በዚሁ መንገድ ሄዷል። የውሃ መብት ከመሬት ይዞታ ጋር ሲታሰር ደግሞ፣ ማሳውን በእጇ የምታጠጣው ሴት ከመስኖ ማኅበሩ አባላት መዝገብ ውጭ ትሆናለች። እንዲህ ያለው ሕግ አዲስ ማግለል ፈጥሮ «ሥርዓት» የሚል ስም ሰጠው። አርጀንቲናዊቷ ፈላስፋ ማሪያ ሉጎኔስ ከዚህም አልፋ ቅኝ ግዛት የራሱን የጾታ ሥርዓት ጭምር በሌሎች ሕዝቦች ላይ እንደጫነ ተከራክራለች።

«እንግዲያው የሚፈለገው ወደ ድሮው መመለስ ነው»

አይደለም። አንትሮፖሎጂስቷ ሪታ ሴጋቶ ከቅኝ ግዛት በፊትም የወንድ የበላይነት እንደነበረ፣ ቅኝ ግዛት ግን እንዳባባሰው ትናገራለች። የሽማግሌዎች ጉባኤ ሴትን ካስወጣ እርሱም ይጠየቃል።

«የገጠር ሴቶች የሚያሳስባቸው የዕለት ውሃ እንጂ ፖለቲካ አይደለም»

የዕለት ውሃ ራሱ ፖለቲካ ነው! በሕንድ ኬረላ ግዛት፣ በፕላቺማዳ መንደር፣ የኮካ ኮላ ፋብሪካ የከርሰ ምድር ውሃችንን አሟጠጠ፣ በከለ ያሉ የአዲቫሲ (የሕንድ ነባር ሕዝቦች) ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2002 በፋብሪካው ደጃፍ ተቀመጡ። ከመሪዎቹ አንዷ ማይላማ ነበረች። የአካባቢው ምክር ቤት ፈቃዱን ለማደስ እምቢ አለ፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ አቆመ። የውሃ ጥናት ያልተማሩት እነዚህ ሴቶች የጉድጓዳቸውን ውሃ መለወጥ ያወቁት በየቀኑ ስለሚቀዱት ነው። እኔ ይህን ዕውቀት እንደ ማንኛውም የባለሙያ ሪፖርት እቆጥረዋለሁ።

የእንዲህ ያለው ትግል ዋጋ ግን ከባድ ነው። በሆንዱራስ የነባሩ የሌንካ ሕዝብ ልጅ የሆነችው ቤርታ ካሴሬስ ሕዝቧ ቅዱስ በሚለው በጓልካርኬ ወንዝ ላይ የታቀደውን የአጉዋ ሳርካ ግድብ ተቃወመች። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 2016 በቤቷ ተገደለች። በቀጣዩ ዓመት የአውሮፓ አበዳሪዎች ከፕሮጀክቱ ወጡ፤ ግድቡም ሳይሠራ ቀረ።