የድራይቨር ኮድ ሪቪው፦ የስህተት አያያዝ እርማት እንዴት ይመረመራል?

የድራይቨር (መሣሪያን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም) ኮድ አንድ ነገር ሳይሳካለት ሲቀር የሚያደርገውን ለማስተካከል የቀረበ ፓች (የኮድ ለውጥ)፣ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሌላ ሰው ይታያል። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን የተቀመጠ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪም ፓቹን አንብቦ አስተያየት መስጠት ይችላል። መሣሪያው በእጁ ባይኖርም ግድ የለም። መሣሪያው እስካልታመመ ወይም ሚሞሪ እስካላለቀ ድረስ ስህተት ሲፈጠር የሚሮጠው የኮዱ ክፍል ለዓመታት ሳይሮጥ ይቀመጣል፣ ባጉም (የኮዱ ጉድለት) አብሮት። ስለዚህ ዋናው ፍተሻ ማንበብ ነው።

ድራይቨሩ መሣሪያውን ሲረከብ የሚሮጠው «ፕሮብ» የተባለው ፋንክሽን ሚሞሪ ይጠይቃል፣ ክሎክ (የመሣሪያውን ምት የሚሰጠውን ሲግናል) ያስነሳል፣ ኢንተራፕት (መሣሪያው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን ምልክት) ያስመዘግባል። ኢንተራፕቱ እምቢ ካለ መጀመሪያ ክሎኩ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ሚሞሪው ይመለሳል። የደብረ ብርሃንን ውርጭ ለሚያውቅ ይህ አይከብደውም፤ መጨረሻ የተደረበው ጋቢ መጀመሪያ ይወልቃል። በሲ ቋንቋ ይህ በ«ጎቱ»፣ ወደ ሌላ የኮድ መስመር በሚያዘልለው ትእዛዝ፣ ይጻፋል፤ ክፍል ውስጥ «አትንኩት» የሚባለው ጎቱ እዚህ የተከበረ ነው። ገምጋሚው እያንዳንዱ ጎቱ የት እንደሚያርፍ ይከታተላል። አንድ ደረጃ አልፎ ካረፈ ክሎኩ እንደበራ ይቀራል፤ አንድ ደረጃ ቀድሞ ካረፈ ደግሞ ያልተመዘገበ ኢንተራፕት ሊሰረዝ ነው።

ከሁሉም ተንኮለኛው የሚመለሰው ቁጥር ነው። ዜሮ ተሳክቷል ማለት ነው፤ ሚሞሪ ሲታጣ ነጋቲቭ 12፣ ግቤቱ ልክ ካልሆነ ነጋቲቭ 22 ይመለሳል። ጸሐፊው ቁጥሩን ሳይሞላ ወደ ማጽጃው (የተወሰደውን ወደሚመልሰው ክፍል) ከዘለለ ከቀደመው ጥሪ የተረፈው ዜሮ ይመለስና ከርነሉ ያልተነሳውን መሣሪያ ተነስቷል ብሎ ይይዘዋል። እርማቱ አንድ መስመር ነው፤ ግን ያን መስመር ለማየት ሙሉውን ፋንክሽን ማንበብ ያስፈልጋል፣ ፓቹን ብቻ ያየ ሰው ያልፈዋል። ነጋቲቭ 517 ደግሞ «ቆይተህ ሞክር» ነው፤ ድራይቨሩ ይህን ቁጥር በሌላ ከቀየረው ከርነሉ ተመልሶ አይሞክርም።

ፓቹ ባጉን ያመጣውን ኮሚት (ታሪኩ ውስጥ የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ቢያንስ በ12 ሆሄ መለያው ይጠቅሳል፤ ይህም እርማቱ ወደ የትኞቹ የቆዩ ከርነሎች መሄድ እንዳለበት ያሳያል። ገምጋሚው ከተስማማ «ሪቪውድ ባይ» (በእኔ ተገምግሟል) ብሎ ስሙን ያስገባል። ስሙ ታሪኩ ውስጥ ስለሚቀር በችኮላ የሚፈርም ሰው ብዙም አይታመንም።