«መዝገበ ቃላት ጫንበትና በቃ» እያላችሁ አታድክሙኝ

ሥራዬ ኮምፒውተር የተጻፈና የተነገረ አማርኛ እንዲያነብ፣ እንዲሰማና እንዲተነትን ማድረግ ነው። ይህን በተናገርኩ ቁጥር የምሰማው ያው ነው። ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ክፍል ውስጥም። አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል።

«እ፣ ኪቦርድ ትሠራለህ ማለት ነው!» አይደለም። ፊደሉን ኮምፒውተር ላይ መጻፉ የቆየ ጉዳይ ነው፤ ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው።

«ኮምፒውተር የሚቸገረው ፊደላችን ስለበዛ ነው።» ቻይንኛ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ምልክቶች አሉት፤ ኮምፒውተር አልከበደውም። የሚያስቸግረው «ፀሐይ»ን አንዱ ጸሐይ፣ ሌላው ፀሀይ፣ ሦስተኛው ጸሃይ ብሎ መጻፉ ነው። ለእኛ አንድ ቃል፣ ለማሽኑ አራት። ስለዚህ ለፍለጋ ሲሆን ሞክሼዎቹን ወደ አንድ እናመጣለን። ከፊደል ገበታ ይሰረዙ ማለት ግን አይደለም። ሥዕል የሚሥለው «ሠዓሊ» እና የጸሎቱ «ሰአሊ ለነ» በአንድ ፊደል ሲጻፉ የሚጠፋ ነገር አለ።

«ዋናው መዝገበ ቃላት ነው፤ እሱን ከጫንክበት አለቀ።»

ይኼኛው ነው የሚያንገበግበኝ፤ ጎበዝ ልጆች ወራት ያባክኑበታላ። አንድ ተማሪ የፊደል ማረሚያ ሠርቶ አመጣልኝ። ወፍራም መዝገበ ቃላት ከዳር እስከ ዳር፣ ሌሊት ሌሊት እየተነሳ፣ በገዛ እጁ ተይቦ አስገብቷል። የጋዜጣ ጽሑፍ ሰጠነው። ገጹ በቀይ መስመር ተሞላ። ልጁ ዝም አለ። የተየበው ልክ ነበር፤ ጋዜጣውም ልክ ነበር። ግን «ስላልነገረችኝ» የሚል ቃል መዝገበ ቃላት ላይ አታገኙም። እዚያ ያለው «ነገረ» ነው። «ስላልነገረችኝ» ውስጥ ምክንያት አለ፣ አሉታ አለ፣ እሷ አለች፣ እኔም አለሁ። ከአንድ ግሥ እንዲህ ያሉ ቅርጾች በሺዎች ይወጣሉ። ማን ተይቦ ይዘልቀዋል?

«እሺ፣ ከፊትና ከኋላ የተጨመረውን መቁረጥ ነዋ!» ቁረጡት እስኪ። «ለከበደ» ላይ «ለ»ን ስትቆርጡ «ከበደ» ይቀራል፣ ጥሩ። ማሽኑ ግን «ከ»ም መስተዋድድ ነው ብሎ ይቀጥልና «በደ» ላይ ይደርሳል። ደግሞ «ነገረ» ራሱ ንገራት፣ ተናገረ፣ ተነጋገሩ፣ ንግግር ሲሆን ውስጡ ይለዋወጣል፤ ጸንተው የሚቆዩት ን፣ ግ እና ር ብቻ ናቸው። ይህን ለማሽን ለማስረዳት ወይ የሰዋስውን ሕግ አንድ በአንድ መጻፍ፣ ወይ ብዙ ጽሑፍ ሰጥቶ እንዲማር ማድረግ ያስፈልጋል። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ የሠራው ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም የመጀመሪያውን መንገድ ይከተላል፤ ቃሉን ፈትቶ ሥሩንና የተጨመረበትን ያሳያል። በነፃ ይገኛል። ልጁ ይህን የሰማው እነዚያን ሁሉ ሌሊቶች ከጨረሰ በኋላ ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

«አማርኛ እንደተጻፈ ስለሚነበብ ድምፁ ቀላል ነው።» እስኪ «ገና ገና አልደረሰም» የሚለውን አንብቡ። የመጀመሪያው በዓሉ ነው፣ ይጠብቃል። ሁለተኛው ይላላል። ጽሑፉ ላይ ግን ልዩነት የላቸውም። ጮክ ብሎ የሚያነብ ማሽን ይህን ከዙሪያው ቃላት መገመት አለበት።

«ጎግል ትራንስሌት አለ አይደል እንዴ?» አለ፤ አማርኛን የጨመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ግን የእንግሊዝኛው «ዩ» አንተ ይሁን አንቺ፣ እርስዎ ይሁን እናንተ ከየት ይወቅ? አክስቴን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «አንተ» የሚል የሐኪም ቤት ደብዳቤ ቤታችን አለ።

ወደዚህ ሙያ መግባት የምትፈልጉ፣ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ሰዋስው አጥኑ። የትምህርት ቤቱን «የቃል ክፍሎች» ማለቴ አይደለም፣ ግሥ እንዴት እንደሚረባ ጠንቅቃችሁ እወቁ። ከዚያ ድምፅ ሰብስቡ፤ የጎንደሩንም፣ የወሎውንም፣ የሸዋውንም፣ የጎጃሙንም፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ። ወደ ጽሑፍ ስትገለብጡ የሰውዬውን አነጋገር አታሳምሩለት፤ «እንዴ» ካለ «እንዴ» ብላችሁ ጻፉ። የራሳችሁን ፊደል ግን ጠብቁ። «እኔ መጣሁ» ለማለት «መጣው» እያላችሁ አንድ ሺህ ጊዜ ከጻፋችሁለት፣ ማሽኑም «መጣው» ብሎ ይማራል።