የሲስተም ምህንድስናን በጎጃም መማር፦ ከጨረጨራ እስከ ቆጋ

የሲስተም ምህንድስና ብዙ ክፍሎች ያሉት ትልቅ ሥራ፣ ለምሳሌ የኃይል ማመንጫ፣ የመስኖ አውታር ወይም የባንክ ክፍያ ሥርዓት፣ ከታሰበበት ቀን አንስቶ አገልግሎቱን ጨርሶ እስኪወገድ ድረስ እንደ አንድ አካል እንዲመራ የሚያደርግ ሙያ ነው። ሲቪል መሐንዲሱ ስለ ኮንክሪቱ፣ ኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ስለ ጄኔሬተሩ ያስባል። የሲስተም መሐንዲሱ የሚጨነቀው የሁለቱ ሥራ ስለሚገናኝበት ቦታ ነው። የዲዛይን አስተዳደር የዚሁ ሙያ የቅርብ ዘመድ ሲሆን ዲዛይኑን ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚመረምር፣ ሲለወጥ ማን እንደሚፈቅድና ለማን እንደሚነገር ይወስናል።

ስያሜው የተለመደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹ በአሜሪካ የቤል ስልክ ቤተ ሙከራዎች ነው፤ በ1960ዎቹ ሰውን ጨረቃ ላይ ያደረሰው የአፖሎ ፕሮግራም አሳደገው። ሙያው ለምን እንደሚያስፈልግ በ1999 የጠፋችው የማርስ መንኮራኩር በቂ ማስረጃ ናት። አንዱ ቡድን የግፊቱን ስሌት በፓውንድ ሲልክ ሌላው በሌላ መለኪያ፣ በኒውተን፣ እንደተሰላ አድርጎ ተቀበለው። እያንዳንዱ ቡድን የየራሱን ድርሻ ሠርቶ ነበር፤ ችግሩ የተፈጠረው በመካከላቸው ነው።

ተማሪ መጀመሪያ የሚያገኘው ሥዕል፣ የእንግሊዝኛውን V ፊደል ስለሚመስል፣ የቪ ሞዴል ይባላል። በግራ ክንፉ ከተጠቃሚው ፍላጎት ወደ መስፈርት፣ ከመስፈርት ወደ ዝርዝር ዲዛይን ይወረዳል። በቀኝ ክንፉ ደግሞ ከዕቃው ፍተሻ ወደ ሙሉው ሥራ ፍተሻ ይወጣል። ሁለት ጥያቄዎች ተለይተው ይጠየቃሉ፦ የተባለውን በትክክል ሠርተናል ወይ? የሠራነውስ ለሰዉ የሚያስፈልገውን ነው ወይ? የመጀመሪያው «አዎ» ተብሎ ሁለተኛው «አይደለም» ሊሆን ይችላል። ለዚህም መስፈርት አጻጻፍ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። «ፓምፑ በቂ ውሃ ይስጥ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሊፈተሽ አይችልም። «ፓምፑ ከ20 ሜትር ጥልቀት በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ውሃ ያውጣ» ከተባለ ግን ሰዓትና መለኪያ የያዘ ማንም ሰው ሊፈርድ ይችላል።

በጎጃም ለዚህ ትምህርት የጣናን ውሃ የሚተካከል መማሪያ የለም። በ1956 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ከፏፏቴው አጠገብ ከወንዙ ጥቂት ውሃ ወስዶ የሚሠራ አነስተኛ ጣቢያ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ባሕር ዳር ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ ሐይቁ እንደ ማጠራቀሚያ ሆኖ ፍሰቱ በመዝጊያ መታዘዝ ጀመረ። በ1993 ዓ.ም 73 ሜጋዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ተጨመረ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም፣ የዝናብ እጥረትና ለኃይል የሚለቀቀው ውሃ ተደራርበው የሐይቁ ከፍታ ክፉኛ ወረደ፤ ጀልባዎች ተቸገሩ። ተርባይኑ አልተበላሸም፤ ጀልባውም አልተሰበረም። ሁለቱን የሚያገናኘው ውሃ ግን አንድ ነበር።

በግንቦት 2002 ዓ.ም የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። ይህ ጣቢያ ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ውሃ ወስዶ ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ካሳለፈ በኋላ አራት ተርባይኖችን አዙሮ 460 ሜጋዋት ማመንጨት እንዲችል የተሠራ ሲሆን፣ ውሃው ተመልሶ ወደ ሐይቁ አይገባም፤ ወደ በለስ ወንዝ ይወርዳል። በለስ የሄደው ውሃ በጢስ እሳት ፏፏቴ ላይ ሊወርድ አይችልም። በእኔ እምነት ይህን ጣቢያ በሜጋዋቱ ብቻ መመዘን ለተማሪ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ፏፏቴውን ለማየት የሚመጣው እንግዳ፣ አስጎብኚው፣ ዓሣ አጥማጁና የታንኳ ባለቤቱ የዚያው ሥርዓት ክፍሎች ናቸውና መስፈርቱ ሲጻፍ ስማቸው መኖር አለበት። ውሃው መንገዱን ቢቀይርም ከዓባይ አይጠፋም፤ በለስ ታች ሄዶ ቀድሞ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው መተከል ከዓባይ ጋር ይገናኛል።

ከመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ የተሳካ የመገናኛ ዲዛይን ያሳያል። ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታሰበ አውታር ነው። ዋናው ቦይ ቀንና ሌሊት ሊፈስ ይችላል፤ ገበሬው ግን ሌሊት አያጠጣም። ቦዩን ለቀን ብቻ ማስላት ስፋቱንና ወጪውን ያበዛል፤ ሌሊት መልቀቅ ደግሞ ውሃ ማባከን ነው። ስለዚህ በቦዮቹ መስመር የሌሊቱን ፍሰት የሚይዙ ኩሬዎች ተሠሩ። ሲመሽ ገበሬው ወደ ቤቱ ይገባል፣ ኩሬው ይሞላል፤ ሲነጋ በሩ ይከፈታል። የሰው የዕለት ኑሮ እንደ ኮንክሪቱ ሁሉ ስሌት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ዲዛይን ሳይ ደስ ይለኛል።

የዲዛይን አስተዳደር ክብደቱ የሚታየው ለውጥ ሲመጣ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ተጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም በተመረቀው የሕዳሴ ግድብ፣ ታቅደው የነበሩት 16 ተርባይኖች በሂደት 13 ሆነዋል። ተርባይን ሲቀነስ የውሃ መግቢያው፣ የብረት ቧንቧው፣ ትራንስፎርመሩና የማስተላለፊያ መስመሩ ስሌት ሁሉ ይነካል። ስለዚህ የጸደቀው ዲዛይን ተቆልፎ ይያዛል፤ ማንኛውም ለውጥ በጽሑፍ ይጠየቃል፣ ማንን እንደሚነካ ይመረመራል፣ ከተፈቀደም አዲሱ ሥዕል ለሁሉም ተቋራጭ ደርሶ አሮጌው ይሰበሰባል። አሮጌ ሥዕል በሠራተኛ እጅ ሲቀር ጉድጓዱ በቀድሞው ልክ ይቆፈራል።

ትምህርቱን ለሚፈልግ ወጣት መሠረቱ ቅርብ ነው። በ1955 ዓ.ም በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ምህንድስና ያስተምራል። መጀመሪያ አንድ የምህንድስና ዘርፍ ጠንቅቆ ማወቅ፣ ቀጥሎ ስታቲስቲክስና አጥርቶ መጻፍ፣ ከዚያ በኋላ የሲስተም ትምህርት ቢመጣ ይመረጣል። የዲዛይን ግምገማ ሥርዓት ደግሞ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። በዋሸራም ሆነ በዲማ የቅኔ ትምህርት ቤት ተማሪው ብቻውን የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ይመለሳል፤ ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ሳይጠና ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ አይታለፍም።

ለጀማሪ የሚሆን መልመጃ ተመራማሪው ዶናልድ ስቱዋርድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ካስተዋወቁት የዲዛይን ሠንጠረዥ የተወሰደ ነው። በደብተር ላይ አንድ ካሬ ይሰመርና በቁመቱም በወርዱም ሐይቁን የሚጠቀሙት ሁሉ ይጻፋሉ፦ ጨረጨራ፣ ጢስ ዓባይ፣ በለስ፣ ጀልባ፣ ዓሣ፣ ፏፏቴ፣ መስኖ። አንዱ ሌላውን በሚነካበት ሳጥን ምን እንደሚያልፍ፣ በምን እንደሚለካና ማን እንደሚወስን ይሞላል። በለስና ጀልባ በሚገናኙበት ሳጥን የሐይቁ ከፍታ በሜትር ይገባል፤ ከጎኑም ከፍታው ሲወርድ መዝጊያውን እንዲዘጋ የሚያዝዘው ሰው የሥራ መደብ ይጻፋል።