«ኢሚዩን የሚያጠነክር ነገር አለሽ?»፦ ከመድኃኒት ቤት መስኮት የሚሰሙ ስህተቶች

ገና መዝጊያውን ከፍ አድርጌ ጋዋኔን ሳልቆልፍ የመጀመሪያው ደንበኛ ይደርሳል። «ዶክተርዬ፣ ኢሚዩን የሚያጠነክር ነገር አለሽ?» ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ይህንን ማረም ከተውኩ ዓመታት አልፈዋል። ሌላውን ግን አልተውም። «ለምንድን ነው የሚጠነክረው?» ብዬ ስጠይቅ ግራ ይጋባሉ። ለማትሪክ የሚያጠና ልጅ፣ የደከማት እናት፣ ፀጉሩ የሚረግፍበት ጎረምሳ፣ የሁሉም መልስ አንድ ነው፦ «እንዲያው ለጠቅላላው።»

ለጠቅላላው የሚሆን መድኃኒት የለኝም። ብስጭት ግን ሞልቶኛል፤ ከትናንሾቹ ልጀምር።

«ብርድ መታኝና ጉንፋን ያዘኝ።» ጉንፋን የሚያሲዘው ቫይረስ ነው፣ ቫይረሱም የሚመጣው ከሰው ነው። ሚኒባስ ውስጥ አንዱ መስኮት ሲከፍት የቀረው ተሳፋሪ «ኧረ ዝጋው፣ ንፋሱ ገደለን» ብሎ ይጮኻል። በተዘጋ መኪና አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየሳበ ሲሄድ የሚያተርፈው የቲቢ ባክቴሪያ ብቻ ነው። ክፈቱት።

«ትኩሳቱ ነው የጎዳው።» ሙቀቱን ከፍ የሚያደርገው የነጭ ደም ሴሎች መልእክት የደረሰው የራሳችን አንጎል ነው። ፓራሲታሞል የሚያቃስተውን ልጅ ያሳርፈዋል፤ ወባውን ወይም የሳንባ ምቹን ግን አይነካውም። ልጁን አስመርምሩት።

«ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ስጭኝ።» አልሰጥም። ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ አይገድልም።

«ምች መታኝ።» እዚህ ላይ አያቶቻችን ላይ አልስቅም። ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣው ቁስል የሄርፐስ ቫይረስ ሥራ ነው። አብዛኞቻችን በልጅነታችን ይይዘንና ፊት ጋ ባለ የነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ዕድሜ ልኩን ተኝቶ ይኖራል። ፀሐይ፣ ትኩሳትና ጭንቀት ይቀሰቅሱታል። እናቴ «ላብሽ ሳይደርቅ ፀሐይ ላይ ወጣሽ» ስትለኝ ፀሐይዋን በትክክል ጠርጥራ ነበር፤ ያላወቀችው ቫይረሱን ነው። ዳማከሴው ሽታው ደስ ይላል፣ ከዚያ በላይ አልመሰክርለትም።

«እንገሩ ቆሻሻ ስለሆነ ታልቦ ይደፋ።» ይህ ያናድደኛል። ያ ቢጫ ወፍራም ወተት እናት በዕድሜዋ ካጠራቀመችው ፀረ እንግዳ አካል (ጀርምን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ለልጇ የምታካፍልበት ነው፤ የሕፃኑን አንጀት ያለብሰዋል። እሱን ደፍቶ ለአራስ ልጅ ቅቤ የሚያስልስ ሰው ከአንድ ወር በኋላ እኔ ጋ መጥቶ ኢሚዩን የሚያጠነክር ሽሮፕ ይጠይቃል።

«ቫይታሚን ሲ ጉንፋን ያስቀራል።» ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ በየቀኑ የሚወስዱ አዋቂዎች እንደማንኛውም ሰው በጉንፋን ይያዛሉ። ሕመሙ የሚያጥርላቸው በ8 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህም ለአንድ ሳምንት ጉንፋን ግማሽ ቀን ያህል መሆኑ ነው። ከታመሙ በኋላ ሮጦ መግዛቱ ደግሞ ይህንን ያህል እንኳ አያስገኝም። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ፦ ከጣማችሁ ብሉ። ምግብ ነው፣ ማን ይከለክላል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ኢሚዩን ወደምትሉት። «በሽታ የመከላከል አቅም በጠነከረ ቁጥር ይሻላል።»

ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ስትመርጡ የምታዩት ጥርሱን ብቻ ነው? ልጆቹን ከሌባ ይለያል ወይ ብላችሁ አትጠይቁም? ሰው የራሱን ውሻ እንዲህ ይመርጣል፣ ስለ ደሙ ሲሆን ግን ጥርስ ብቻ ይቆጥራል።

ታናሽ እህቴ ሉፐስ አለባት። ሉፐስ ማለት ፀረ እንግዳ አካላቷ የራሷን ሴሎች እንደ ጠላት ቆጥረው የሚዘምቱበት በሽታ ነው። ፊቷ ላይ ሽፍታ፣ ጣቶቿ ላይ እብጠት፣ ከዚያም የማይለቅ ድካም ነበራት። መከላከያን የሚያበርዱትን ፕሬድኒሶሎንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን ጀምራ ደህና ሆና ነበር። አንዲት ጎረቤት (ለደግነቷ ነው፣ አውቃለሁ) «ይሄ ኪኒን ኢሚዩንሽን እየገደለው ነው» አለቻት። እህቴ ኪኒኑን አቁማ «ኢሚዩን የሚያጠነክር» የተባለ ዱቄት በሞቀ ውኃ መጠጣት ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት እግሯ አበጠ፤ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ፣ ኩላሊቷ ተነክቶ ነበር። እኔ፣ መድኃኒት ቤት ያለኝ እህቷ፣ የሰማሁት ካበጠች በኋላ ነው። የእህቴ የመከላከል አቅም አልደከመም። የጎደለው የሚያስቆመው ፍሬን ነው።

እ.ኤ.አ. የ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማት የተሰጠውም ይህንን የሚያስቆመውን ላገኙት ሰዎች ነው። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ የተነሳው ከአንድ ግራ የሚያጋባ ሙከራ ነበር። ቲ ሴሎች የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚበስሉት ደረት ውስጥ ባለ ታይመስ በሚባል ዕጢ ነው። በተወለደች በሦስተኛ ቀኗ ይህ ዕጢ የወጣላት አይጥ መከላከያዋ ደካማ መሆን ነበረበት። የሆነው ግን ሌላ ነው፦ መከላከያዋ በራሷ አካል ላይ ተነሳ። ከጤነኛ አይጥ የተወሰዱ የበሰሉ ቲ ሴሎች ሲሰጧት ጥቃቱ ቀረ። ስለዚህ ከቲ ሴሎች መካከል ሥራቸው ማጥቃት ሳይሆን ሌሎቹን ማብረድ የሆነ አሉ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 እነዚህን ሴሎች ለይቶ አሳየ። ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ይባላሉ።

ሜሪ ብራንካውና ፍሬድ ራምስዴል ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በሌላ አይጥ ላይ ይሠሩ ነበር። ወንዶቹ አይጦች ቆዳቸው ተፈርፍሮ፣ ጣፊያቸው አብጦ በጥቂት ሳምንት ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ምክንያቱ ፎክስፒ3 የሚባል አንድ የተበላሸ ጂን መሆኑን አገኙ። ያው ጂን የተበላሸባቸው ወንድ ሕፃናትም አይፔክስ በሚባል ከባድ በሽታ ይጠቃሉ፤ አንጀታቸው፣ ቆዳቸውና ኢንሱሊን የሚሠራው ቆሽታቸው በራሳቸው ሴሎች ይመታል። በኋላ ነገሩ ገጠመ፦ ተቆጣጣሪ ሴሎቹ ያለዚህ ጂን ሥራቸውን አይሠሩም። እነዚህ ሕፃናት «የጠነከረ ኢሚዩን» ያላቸው ናቸው እንግዲህ። ትመኙታላችሁ?

ፍሬኑን ሆን ብሎ መልቀቅ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቤል የተሸለሙት ቲ ሴሎች ካንሰርን እንዳያጠቁ የያዛቸውን ፍሬን መፍታት እንደሚቻል ስላሳዩ ነው። አንዳንድ በሽተኞች ተስፋ ከተቆረጠባቸው በኋላ ድነዋል። ግን መድኃኒቱን የሚወስዱትን ሐኪሞች በቅርብ የሚከታተሏቸው፣ የተለቀቀው ሴል አንጀትን፣ ሳንባን ወይም እንቅርት የሚወጣበትን ዕጢ ሊያቆስል ስለሚችል ነው። እውነተኛው «ማጠንከሪያ» ይህን ይመስላል። በሣጥን ተሽጎ ከማስቲካ አጠገብ አይሸጥም።

ሩቅ ሀገር መሄድም አያስፈልግም። የሩማቲክ የልብ ሕመም የምናውቀው ነው። ልጁ በባክቴሪያ ጉሮሮውን ይታመማል፣ ይሻለዋል፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያው ያብጣል። ባክቴሪያው ላይ ያለ ፕሮቲን ልባችን ላይ ካለው ጋር ስለሚመሳሰል፣ ባክቴሪያውን ሊወጋ የተነሳው መከላከያ የልብን በሮች ያቆስላል። ለዚህ ነው የፔኒሲሊን የወር መርፌ ለዓመታት የሚሰጠው፤ ጉሮሮው ዳግም ታሞ መከላከያው እንዳይቀሰቀስ። እንጥል ማስቆረጥ ይህንን አይከለክልም። ደም መፍሰስና ቴታነስ ግን ያስከትላል።

ኮቪድ በ2012 ዓ.ም ሲገባ ዝንጅብልና ሎሚ እንደ ወርቅ ተፈለገ። በዚያው ሰሞን እንግሊዝ ውስጥ የተደረገ ትልቅ ሙከራ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት ሕሙማን የሞቱን ቁጥር በአንድ ሦስተኛ የቀነሰው ዴክሳሜታዞን መሆኑን አሳየ። ዴክሳሜታዞን ምን ያደርጋል? መከላከያን ያበርዳል። ኦክስጅን ላላስፈለገው ሕመምተኛ ግን ጥቅም አልታየበትም። አንድ መድኃኒት ለአንዱ ሕይወት፣ ለሌላው ከንቱ፤ «ለጠቅላላው» የሚባል ነገር የለም የምለው ለዚህ ነው።

ሥራ የጀመርኩት የኤችአይቪ መድኃኒት ማደያ መስኮት ላይ ነበር። አንድ ሰውዬ ሲዲ4 (ኤችአይቪ የሚያጠቃቸው የመከላከያ ሴሎች) ቁጥሩ በጣም ዝቅ ብሎ መድኃኒት ጀመረ፤ የቲቢውንም እየወሰደ ነበር። በወሩ ገደማ አንገቱ ላይ ያለው እጢ አብጦ፣ ትኩሳቱ ብሶበት መጣ። ወንድሙ ጠረጴዛዬን እየደበደበ «መድኃኒታችሁ ገደለው» አለኝ። እውነታው ተቃራኒው ነው። ተኝቶ የነበረው መከላከያ ነቅቶ ቲቢውን ገና ማየቱ ነበር፤ እብጠቱ የውጊያው ነው። ሐኪሙ መከላከያን የሚያበርድ ስቴሮይድ ጨምሮለት የኤችአይቪውን ሳያቋርጥ አለፈ። ብዙዎች በዚህ ጊዜ መድኃኒቱን ይጥሉታል፣ ከዚያ በኋላ አናያቸውም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከባሰባችሁ ወደ ክሊኒካችሁ ሩጡ እንጂ ኪኒኑን በራሳችሁ አታቁሙ።

ፕሬድኒሶሎን የምትወስዱም እንዲሁ። ጠዋት ከቁርስ ጋር ውሰዱት። ለሳምንታት ስትወስዱት ከቆያችሁ በአንድ ቀን አታቋርጡት፤ ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል መሥራት ስለሚዘነጋ ግፊት ወርዶ ሊጥል ይችላል፣ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስላችኋል። ትኩሳት ከያዛችሁ አትጠብቁ። የጎረቤትን አትዋሱ፤ ፊት ለማወፈር ብላችሁ የምትገዙትም አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

አንድ ይቀረኛል። «ልጅ ኩፍኝ ቢይዘው ይጠነክራል።» እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ ያልተከተቡ 77 ልጆች ከኩፍኝ በፊትና በኋላ ደማቸው ተመርምሮ ነበር። ኩፍኙ ልጆቹ ለሌሎች በሽታዎች ካከማቹት ፀረ እንግዳ አካል ከ11 እስከ 73 በመቶውን ጠርጎባቸዋል። ቫይረሱ የሚገባው በሽታን በሚያስታውሱ ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ስለሆነ ያን ማስታወሻ ያጠፋዋል። ልጁ ከኩፍኝ ሲነሳ ከዚህ በፊት ያሸነፋቸውን ተቅማጥና የሳንባ ምች እንደ አዲስ ይጀምራል።

ክትባቱ ይህንን አያደርግም። 9 ወር ሲሞላው አንድ፣ 15 ወር ሲሞላው ሁለተኛ። ሁለተኛውን የምትረሱት ብዙ ናችሁ፣ ካርዱን አውጥታችሁ እዩት። ኢሚዩን የሚያጠነክር ነገር ካላችሁኝ ይኸው፤ ግን እኔ ጋ አይሸጥም፣ ጤና ጣቢያ ነው ያለው፣ በነጻ።