4,294,967,297፦ ስለ አንድ ትልቅ ቁጥር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ይህ ቁጥር የሚገኘው 32 ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንደምርበት ነው። ስለ ትልልቅ ቁጥሮች የሚነገሩ ብዙ ስህተቶች እሱ ላይ ስለሚገናኙ በጣም እወደዋለሁ።

«በ7 ስለሚያልቅና ለ3 ስለማይካፈል ብቸኛ ቁጥር ነው»

ብቸኛ ቁጥር ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ የለውም። የመጨረሻው አሃዝ የሚነግረን ለ2 እና ለ5 አለመካፈሉን ብቻ ነው። የአሃዞቹ ድምር 59 መሆኑ ደግሞ 3ን ያስወጣልናል። ከዚያ ወዲያ ምንም አያረጋግጥም። ቁጥሩ የ641 እና የ6,700,417 ብዜት ነው።

«አምስት ጊዜ የሠራ ነገር ሁልጊዜም ይሠራል»

ይሄኛው ትልልቅ ሊቃውንትንም አሳስቷል። ከ3 ጀምሩ። 1 ቀንሱ፣ የቀረውን በራሱ አባዙ፣ 1 መልሱበት። 5 ይመጣል። እንዲሁ ስትቀጥሉ 17፣ 257፣ 65,537 ታገኛላችሁ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ስድስተኛው የኛው 4,294,967,297 ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 የዚህ ተራ ቁጥሮች በሙሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ ያምን ነበር፤ ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። በ1732 ሌላው የሒሳብ ሊቅ ሌዎንሃርድ ኦይለር የስድስተኛውን አካፋይ 641ን አገኘ። ከአምስቱ በኋላ እስከ ዛሬ አንድም ብቸኛ ቁጥር እዚህ ተራ ውስጥ አልተገኘም።

«ያለ ኮምፒውተር አካፋዩ አይገኝም»

ኦይለር ኮምፒውተር አልነበረውም። አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚመጡ ከጥንዱ አንዱ ከ65,537 ማነስ አለበት። ከዚያ በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 6,542 ናቸው። ይሄም በእጅ ለሚሠራ ሰው አድካሚ ነው። እሱ ግን አንድ ድንቅ ነገር አረጋገጠ፦ ብቸኛ ቁጥር የሆነ የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ፣ ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። ይህን የሚያሟሉት ብቸኛ ቁጥሮች በቅደም ተከተል 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። አምስተኛው ላይ አለቀ!

እንዲያውም ረጅሙን ማካፈል ሳንሠራም ማየት እንችላለን። 640 ማለት 5 ሲባዛ በ128 ነው፤ 128 ደግሞ ሰባት ሁለቶች ናቸው። አራት 640ዎችን ብናባዛ 625 ሲባዛ በ28 ሁለቶች ይሆናል። 640 ከ641 በ1 ብቻ ስለሚያንስ፣ ይህ ብዜት ለ641 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። በ625 ቦታ «641 ሲቀነስ 16» እናስገባ። 16 አራት ሁለቶች ስለሆነ ከ28ቱ ጋር 32 ሞሉ። ስለዚህ የ32ቱ ሁለቶች ብዜት 1 ሲደመርበት ለ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል።

«ቁጥር ሲተልቅ አካፋዮቹ ይበዛሉ»

60 አሥራ ሁለት አካፋዮች አሉት። የኛው ቁጥር አራት ብቻ። 1 ብንቀንስለት ግን 33 አካፋዮች ይኖሩታል። 2 ብንቀንስለት 32፤ ይሄኛው ደግሞ የ3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ብዜት ነው። አምስቱም ተመልሰው መጡ!

«ብቸኛ አለመሆኑ የሚታወቀው አካፋይ ሲገኝ ብቻ ነው»

የዚሁ ተራ 25ኛ ቁጥር ከ5 ሚሊዮን በላይ አሃዞች አሉት። ብቸኛ ቢሆን ኖሮ በአንድ የታወቀ ስሌት ላይ የተወሰነ ቀሪ መስጠት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1999 ስሌቱ ተሠራ፤ ቀሪው ሌላ ሆነ። ስለዚህ ብቸኛ አይደለም። አካፋዩ ግን አሁንም አልተገኘም።