ዛንሺን ምንድን ነው? ከምቱ በኋላ ስላሉት ሰከንዶች

በኬንዶ፣ ማለትም በጃፓን የሰይፍ ፍልሚያ ስፖርት፣ ውድድር አንድ ተጋጣሚ የሌላውን ራስ በቀርከሃ ሰይፉ በትክክል መትቶ ነጥቡን ሊያጣ ይችላል። ምቱ ንጹህ ነው፣ ዳኞቹም ባንዲራቸውን አንስተዋል። መቺው ግን በደስታ ቡጢውን ወደ ላይ ከሰነዘረ ሦስቱ ዳኞች ተሰብስበው ይመክሩና ነጥቡን ሊሰርዙት ይችላሉ። በእግር ኳስ ጎል አግብቶ መጨፈር ያለ ነው፤ በኬንዶ ግን ሰይፉ ስላረፈ ብቻ ምቱ አለቀ አይባልም። የቀረው ክፍል ዛንሺን ይባላል።

ቃሉ የጃፓን ማርሻል አርቶች የጋራ ንብረት ነው። ድርጊቱ ካለቀ በኋላ የሚቀረውን፣ ያልተበተነውን ንቃት ያመለክታል። በኬንዶ እንደ ጌጥ የሚታይ ነገር አይደለም፤ በውድድር ደንቡ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። ነጥብ የሚያሰጥ ምት በሙሉ መንፈስ፣ በትክክለኛ አቋም፣ በሰይፉ መምቻ ክፍል፣ በተፈቀደ የጦር ልብስ ክፍል ላይ ያረፈና ዛንሺን የተከተለው መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ነጥብ የለም። በካራቴ የነጻ ፍልሚያ ውድድርም ለብዙ ዓመታት ከነጥብ መስፈርቶች አንዱ ይኸው ነበር፤ ቡጢውን ሰንዝሮ ወዲያው ፊቱን የሚያዞር ተወዳዳሪ ነጥብ ይነፈግ ነበር።

በዓይን ሲታይ ምን ይመስላል? ኬንዶ ተጫዋቹ ራስ ላይ ከመታ በኋላ አይቆምም። በምቱ ፍጥነት ተጋጣሚውን አልፎ ጥቂት እርምጃ ይሄዳል፤ የሰይፍ ርቀት ሲያገኝ ይዞራል፣ የሰይፉን ጫፍ ወደ ተጋጣሚው ጉሮሮ መልሶ ያነጣጥራል። ዓይኑ ከሰውየው አይነቀልም። ሁሉም ነገር ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። መነሻው ግልጽ ነው፦ በእውነተኛ ጎራዴ ዘመን የተመታ ሰው ወዲያው አይወድቅም፤ ከመውደቁ በፊት አንድ ጊዜ መልሶ ሊቆርጥ ይችላል። ጃፓኖች "ካሸነፍክ በኋላ የራስ ቁርህን ማሰሪያ አጥብቅ" የሚል ምሳሌያዊ አነጋገር አላቸው፤ የጦር ሜዳ ምክር ነው።

ጥበቃ ግን የዛንሺን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ በክዩዶ፣ ማለትም በጃፓን የደጋን ጥበብ፣ ይበልጥ ይታያል። እዚያ መልሶ የሚመታ ጠላት የለም፤ በ28 ሜትር ርቀት የተተከለ 36 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ኢላማ ብቻ ነው ያለው። አተኳኮሱ ከእግር አቋቋም ጀምሮ ስምንት ደረጃዎች አሉት፤ ሰባተኛው ፍላጻውን መልቀቅ፣ ስምንተኛው ዛንሺን። ፍላጻ ከሄደ በኋላ አይታረም፤ ታዲያ ስምንተኛው ደረጃ ለምን አስፈለገ? የመልቀቂያዋ ቅጽበት እጅግ አጭር ናት፤ ተኳሹ ራሱ አያያትም። ከእሷ በኋላ የሚቀረው የሰውነት ቅርጽ ግን በቅጽበቷ ውስጥ የሆነውን ይናገራል። ሁለቱ ክንዶች ግራና ቀኝ እኩል ተዘርግተው ከቀሩ ጉልበቱ ሚዛን ጠብቆ ተከፍቷል። ደጋኑን የያዘው እጅ ከወረደ አስቀድሞ ተዳክሞ ነበር ማለት ነው። ግራ እጅ ደጋኑን ጨምቆ ካልያዘው ደጋኑ ከመልቀቅ በኋላ በመዳፍ ውስጥ ዞሮ አውታሩ ከክንዱ ውጭ በኩል ይገኛል፤ ተጨምቆ ከነበረ አይዞርም። ጀማሪው ይህን ሁሉ ሳያነብ እጁን ጥሎ "መታ ወይስ ሳተ?" እያለ አንገቱን ያሰግጋል። የሚማርበትን ነገር ጥሎ ውጤቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ዛንሺን ሁለት ሥራ አለው፦ መጠበቅና ማንበብ። ብዙ ጊዜ ስለ መጀመሪያው ይወራል፤ ለዕለት ኑሮ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ሁለተኛው ይመስለናል።

አንድ የተለመደ አለመግባባት እዚህ ላይ ይነሳል። "ከምቱ በኋላ ንቁ ሁን" የተባለ ሰው ከምቱ ጊዜ ጀምሮ ራሱን መቆጠብ ይጀምራል፤ ግማሽ ልቡ ምቱ ላይ፣ ግማሹ መከላከያው ላይ። የሚወጣው ፈሪ ምት ነው። የኬንዶ መምህራን ይህን የሚያስተባብሉት በቆየ ምሳሌ ነው፦ በስኒ ያለን ውሃ ቀስ ብለህ ብታንቆረቁር ምንም አይቀርም፤ በአንድ ጊዜ ከደፋኸው ግን ከታች ጠብታ ይቀራል። ሳይሰስቱ የመታ ሰው ንቃቱ በራሱ ይተርፋል፤ ሆን ብሎ ያስቀረው ግን ምቱንም ንቃቱንም ያጣል። ስለዚህ ሥራው ላይ ሙሉ በሙሉ መግባት ይቀድማል፤ ዛንሺን የዚያ ተከታይ ነው። ሰባተኛውን ደረጃ ያልሠራ ስምንተኛው የለውም።

አሁን ከዶጆው፣ ማለትም ከልምምድ አዳራሹ፣ እንውጣ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ዋናው ግብ ከተሳካ በኋላ የሚፈጸሙ ስህተቶችን እንደ አንድ የተለየ ዓይነት ያጠኗቸዋል። አእምሮ ግቡን "ተፈጸመ" ብሎ ሲዘጋው ቀሪዎቹን ትናንሽ ተግባራት አብሮ ይጥላቸዋል። የታወቀው ምሳሌ ኤቲኤም ነው፦ የመጣነው ለብር ነው፣ ብሩ ወጣ፣ ካርዱ ማሽኑ ውስጥ ቀረ። ይህን የተረዱ ባንኮች ብዙ ማሽኖችን አስቀድመው ካርድ፣ ቀጥለው ብር እንዲሰጡ አድርገው አስተካክለዋቸዋል። ፎቶ ኮፒ ቤት ግን ያው ነው፤ ኮፒው በእጅ፣ ዋናው መታወቂያ መስታወቱ ላይ። በማተሚያው ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ የሚረሳው ፍላሽም የዚያው ወንድም ነው። እነዚህ የግድየለሽነት ስህተቶች አይደሉም፤ ጠንቃቃ ሰውም ይፈጽማቸዋል፤ ምክንያቱም ስህተቱ የሚወለደው ከስኬት ስሜቱ ነው።

በሕክምና ውስጥ ነገሩ ለግለሰብ ትዝታ አልተተወም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ጥገና ደህንነት ዝርዝር 19 ነጥቦች አሉት፤ በሦስት ጊዜያት ተከፍለዋል። የመጨረሻው ክፍል የሚነበበው ቀዶ ጥገናው ካበቃ በኋላ፣ ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ ነው፦ መሣሪያ፣ የደም መጥረጊያ ጨርቅና መርፌ ተቆጥሮ ገጠመ? የተወሰደው ናሙና የታካሚው ስም ተጽፎበታል? ያስቸገረ መሣሪያ ነበር? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ጥበቃ ናቸው፤ ሦስተኛው ንባብ ነው። ዝርዝሩን ያዘጋጁት ሰዎች ስለ ኬንዶ አላሰቡ ይሆናል፤ ቅርጹ ግን አንድ ነው።

ልምምዱን ለመጀመር መጨረሻው በግልጽ የሚታወቅ አንድ ድርጊት ይመረጣል። "ሥራዬን" ማለት አይሆንም፤ መጨረሻው የት እንደሆነ አይታወቅም። ምድጃውን ማጥፋት፣ ገንዘብ በቴሌብር መላክ፣ ስልክ መዝጋት፣ መኪና አቁሞ መውረድ ይሆናሉ። ድርጊቱ ሲያልቅ ሰውነት ባለበት ይቆያል፤ ወደሚቀጥለው አይዞርም። አንድ ሙሉ ትንፋሽ ይወጣል። ከዚያ ዓይን ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ያልተዘጋ ምን አለ? እንዴት ሄደ? ጋዝ ከሆነ የምድጃው ቁልፍ ብቻ ሳይሆን የሲሊንደሩም መዘጋቱ ይታያል። ገንዘብ ከሆነ የተቀባዩ ስምና መጠኑ ከማረጋገጫ መልእክቱ ላይ ይነበባል። ስልክ ከሆነ የተስማማንበት ነገር በአንድ መስመር ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ነው መዞር የሚፈቀደው። ሁሉም ከ10 ሰከንድ በላይ ከወሰደ የሆነ ነገር በዝቷል።

ሰው ለሰው በሚገናኝበት ቦታ ዛንሺን ይከብዳል፤ ጥቅሙም እዚያው ይበልጣል። ጽሑፉን አቅርቦ የጨረሰ ተናጋሪ "ተገላገልኩ" ብሎ ትከሻውን ሲጥል ጥያቄና መልሱ ገና አልተጀመረም። ከባልና ሚስት አንዱ በክርክር ሲያሸንፍ፣ የተረታው ዝም ሲል፣ አሸናፊው "አላልኩሽም?"፣ "አላልኩህም?" የሚለውን ይጨምራል፤ ይህ በኬንዶ ቡጢ ከመሰንዘር አይለይም። ዛንሺን ማለት እዚህ ላይ ሰውየውን እያዩ መቆየት ነው፦ የሰማው ምንድን ነው፣ የጎዳው የቱ ቃል ነው፣ ለመመለሻ በር ተከፍቶለታል ወይ? በተሸነፉበት ክርክርም ያው ይሠራል። ስልክ አውጥቶ ረጅም መልእክት መጻፍ ከመጀመር በፊት አቋምን ማስተካከል፣ ማለትም ያቺን አንድ ትንፋሽ።

የሚበላሸው በጥቂት መንገድ ነው። አንደኛው ትወና ነው፤ በዶጆም አለ፦ ዓይንን ማፍጠጥ፣ መጮህ፣ እንደ ሐውልት መቆም፤ ውስጡ ግን ባዶ። የኢያይዶ መምህራን፣ ማለትም ጎራዴ የመምዘዝ ጥበብ አስተማሪዎች፣ ይህን በቀላሉ ያገኙታል። ተማሪው ጎራዴውን ወደ ሰገባው ሲመልስ ዓይኑ ወደ ፊት መቅረት አለበት፤ የሰገባውን አፍ የሚያገኘው በግራ እጁ ጣቶች ስሜት ነው። ወደ ታች ካየ ጠላቱን ረስቷል። ወደ ፊት እያየ ሐሳቡ ከሄደ ደግሞ ጫፉ ሰገባውን ይስታል፤ ስለት ባለው ጎራዴ ከሆነ የግራ እጁን ይቆርጣል። ፊትን ማስመሰል ይቻላል፣ እጁን ግን አይቻልም።

ሁለተኛው ብልሽት ጭንቀት ነው። በሩን ቆልፎ ሦስት ጊዜ የሚመለስ ሰው ዛንሺን የበዛበት ሊመስል ይችላል፤ በእርግጥ ግን የመጀመሪያውን ጊዜ እዚያ አልነበረም፣ ስለዚህ አያስታውሰውም። ለዚህ የጃፓን ባቡር ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ዘዴ ይረዳል፦ ወደ ነገሩ በጣት መጠቆምና ያዩትን በድምፅ መናገር። "ተቆልፏል" ብሎ እየጠቆሙ መናገር ቅጽበቷን ከሌሎቹ ቀናት ትለያታለች። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚደረገው። ተናግሮም መመለስ ግድ የሚሆንበት፣ ካልተመለሰ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ተጨማሪ የትኩረት ልምምድ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው፣ ለዚህ የተለየ ሕክምና አለና።